ስርጉድ ያለው ሰልባቲዮና ሦስቱ ምክሮች

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለመኪና አምድ አዘጋጅ። በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የአዳማ ነዋሪ ስሆን እ.ኤ.አ. በ1982 የተሠራች፣ ባለ 40 ተከታታይ ከሚባሉት ወገን የሆነች አጭር ቶዮታ ላንድክሩዘር አለችኝ። በቤንዚን የምትሠራ ናት፤ ከአባቴ የወረስኳት ስለሆነች ልሸጣት አልፈልግም። ከሁለት ወር በፊት ከመተሐራ ወጣ ብለን በፈንታሌ ተራራ ግርጌ ባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ስንሄድ፣ ከኋላ በኩል ከሥር ያለው የነዳጅ ታንክ ከድንጋይ ጋር ተላትሞ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ስርጉዱን በሜትር ስለካው ወርዱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ መሐሉ ላይ ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ነዳጅ አያንጠባጥብም። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ የነዳጅ ጌጁ ከሩብ በታች መውረድ ስላቆመ፣ ባለፈው ሳምንት ከአሰላ ስመለስ ጌጁ ሩብ እያሳየ ኢተያ ላይ ነዳጅ አልቆብኝ ቆሜ ቀረሁ።

ሦስት ሰዎችን ባማክር ሦስት የተለያየ ምክር ሰጡኝ። አንድ ባትላሜራ፣ ማለትም የመኪና አካል ቀጥቅጦ የሚያቃና ባለሙያ፣ በስርጉዱ ላይ ብረት በይዶ ወደ ውጭ እንደሚጎትተው ነገረኝ። አንድ ጎሚስታ ደግሞ ቀዳዳዎቹን ሁሉ ዘግተን በኮምፕረሰር ብንነፋው «ጷ ብሎ ይመለሳል» አለኝ። ጎረቤቴ የሆኑ የቀድሞ የከባድ መኪና ሹፌር ግን፣ «ልጄ፣ ካላንጠባጠበ ምን አደረገህ? ተወው» ብለውኛል። የትኛውን ልስማ?

ደ. መ.፣ ከአዳማ

መልስ፦ ውድ ደ. መ.፣ የሦስቱን ሰዎች ምክር እንዳለ ስለጻፉልን እናመሰግናለን። ከሦስቱ ለትክክለኛው የቀረቡት ጎረቤትዎ ናቸው። የጎሚስታው ምክር ታንኩን ያበላሻል፤ የባትላሜራው ምክር ደግሞ ሰው ሊገድል ይችላል። ይህን የምለው ባለሙያን ለመንቀፍ አይደለም። በር ወይም ፓራፋንጎ (የጎማ ጭቃ መከላከያ) ላይ ብረት በይዶ መጎተት የታወቀና የተፈተነ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ በር ውስጥ ቤንዚን ተቀምጦ አለማወቁ ነው።

ስርጉድ በጉንጭ ላይ ሲሆን ውበት ነው፤ በነዳጅ ታንክ፣ ማለትም ጋራዥ ውስጥ ሰልባቲዮ በምንለው ዕቃ ላይ ሲሆን ግን ባለቤቱን ከሚገባው በላይ ያስደነግጣል። እስቲ የእርስዎን እናስላው። ወርዱ 30፣ ጥልቀቱ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ሳህን መሰል ስርጉድ የሚወስደው ቦታ 1.4 ሊትር ገደማ ነው። የጠፋብዎት የነዳጅ ቦታ ከአንድ ትልቅ የውኃ ጠርሙስ አይበልጥም ማለት ነው። ስለዚህ ኢተያ ላይ ያቆመዎት የታንኩ መጥበብ አይደለም፤ ጌጁ ስለዋሸዎት ነው። ጌጁ የዋሸበት ምክንያትም ቀላል ነው። በታንኩ ውስጥ በቀጭን ክንድ ጫፍ ላይ የተሰካች ተንሳፋፊ አለች፤ ነዳጁ ሲጎድል ከነዳጁ ጋር እየወረደች ለጌጁ ትናገራለች። የታንኩ ወለል 4 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ሲነሣ ተንሳፋፊዋ ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ነዳጁ ቢያልቅም እርሷ መውረጃ የላትም፤ ጌጁም ሩብ ላይ ተቸንክሮ ይቀራል።

የጎረቤትዎ ምክር ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ሩብን እንደ ባዶ ቆጥረው ለመንዳት ከወሰኑ፣ ታንኩ እስካላንጠባጠበ ድረስ ለዓመታት ሊያገለግልዎት ይችላል፤ እኔም በብዙ አሮጌ መኪና ላይ ከዚህ የባሰ ስርጉድ አይቼ «ተወው» ያልኩበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ከመተውዎ በፊት መኪናዋን በድጋፍ አንሥተው፣ በእጅ ባትሪ እያበሩ አራት ነገሮችን ይመልከቱ። ስርጉዱ እንደ ሳህን ክብ ሆኖ የገባ ነው ወይስ እንደ ታጠፈ ወረቀት ስለታም መስመር አለው? ስለታም መስመር ካለው ላሜራው እዚያ ቦታ ላይ ተወጥሮ ሳስቷል፤ በመንገድ ንዝረት ብዛት ከጊዜ በኋላ የሚሰነጠቀውም በዚያ ነው። ስርጉዱ ሁለቱ የታንኩ ግማሾች የተገናኙበትን ስፌት ነክቷል ወይ? ከነካ መተው አይገባም። ታንኩን የሚያቅፉት የብረት ቀበቶዎች እንደ ቀድሞው ተጣብቀው ተቀምጠዋል ወይስ ክፍተት ፈጥረዋል? በመጨረሻም መኪናዋ ዳገት ላይ በከፍተኛ ጉልበት ስትሄድ ትደክማለች ወይም ትንፋሽ ያጥራታል ወይ? ይህ ከታየ ነዳጅ የሚመጥጠው ቱቦ ጫፉ ከተነሣው ወለል ጋር ተጋጥሞ ታፍኗል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ የእርስዎ ጉዳት ምክንያቱ የታወቀ ቢሆንም ሌሎች አንባቢዎች ይጠቀሙበት ዘንድ ልጨምረው። አንዳንድ ታንክ ድንጋይ ሳይነካው ይሰረጉዳል። ነዳጅ ከታንኩ በተመጠጠ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት፤ አየሩ የሚገባው በክዳኑ ወይም በቀጭን የመተንፈሻ ቱቦ በኩል ነው። መተንፈሻው በአቧራ ከተደፈነ፣ ወይም የጠፋው ክዳን ከገበያ በተገኘ መተንፈሻ በሌለው ክዳን ከተተካ፣ ፖምፓው እየመጠጠ የታንኩን ሆድ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ምልክቱ ሁለት ነው፤ ስርጉዱ ላይ ምንም ጭረት አይኖርም፤ ክዳኑ ሲከፈትም «ፊስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። እንዲህ ያለውን ታንክ መተንፈሻውን ሳይከፍቱ ማቃናት ድካም ብቻ ነው፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይገባል።

ወደ እርስዎ ልመለስ። አንዴ መንገድ ላይ ስላስቀረዎት ማቃናቱን እመርጣለሁ፤ ታንኩ ከመኪናዋ ወርዶ፣ በውኃ ተሞልቶ፣ ያለ እሳትና ያለ ኮምፕረሰር የሚቃና ከሆነ ግን ብቻ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ።

የቤንዚን ትነት የሚቀጣጠለው ከአየር ጋር ሲደባለቅ ድርሻው ከ1.4 እስከ 7.6 በመቶ በሆነ ጊዜ ነው። ከዚያ ካነሰ የሚነድ ነገር የለም፤ ከዚያ ከበዛ ደግሞ ለመንደድ የሚበቃ አየር የለም። ሙሉ ታንክ ውስጥ ያለው ትነት ብዙውን ጊዜ ከላይኛው ወሰን ያልፋል። ነዳጁን ቀድተው ታንኩን ባዶ ሲያደርጉት ግን አየር ይገባና ድብልቁ በትክክል ወደሚፈነዳበት ልክ ይወርዳል። 60 ሊትር በሚይዝ ታንክ ውስጥ 1.4 በመቶ ማለት 0.84 ሊትር ትነት ነው፤ ይህን ያህል ትነት ለመስጠት የሚበቃው ፈሳሽ ቤንዚን 5 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን በስፌቱ ውስጥ፣ በዝገቱ ቅርፊት ሥር፣ ነዳጁ እንዳይናወጥ በተሠሩት የውስጥ ግድግዳዎች ጥግ ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ስለሚሰጥ የአዳማ ሙቀት ለእርሱ ከበቂ በላይ ነው። «ታጥቧል፣ ሽታም የለውም» የሚል ዋስትና ስለማይበቃም እኔ ባዶ ታንክን ከሙሉ ታንክ ይበልጥ እፈራዋለሁ። ትናንት ታጥቦ ሽታው የጠፋ ታንክ ዛሬ የብየዳ እሳት ሲነካው ከስፌቱ ውስጥ አዲስ ትነት ያወጣል።

ኮምፕረሰሩስ? በዚህ ላይ ያየሁትን ልንገርዎት። ገና ሙያውን በምማርበት ጊዜ አብሬ እሠራበት በነበረ ጋራዥ አንድ የተሰረጎደ ታንክ ቀዳዳዎቹ በጨርቅና በጎማ ተወትፈው አየር ተለቀቀበት። ስርጉዱ መጀመሪያ ምንም አላለም። ከዚያ የታንኩ ሰፊ ጎኖች ቀስ ብለው እንደ ተነፋ እርጎ ቋት ማበጥ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ከአንዱ ቀዳዳ የተወተፈው ጨርቅ እንደ ጥይት ተወንጭፎ የጣሪያውን ቆርቆሮ መታ። ማንም አልተጎዳም፤ ታንኩ ግን ስርጉዱን እንደያዘ ኳስ መስሎ ስለቀረ ወደ ቦታው መመለስ አልተቻለም። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። 40 በ60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የታንክ ጎን ስፋቱ 2,400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው፤ አንድ ባር ግፊት በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ አንድ ኪሎ ያህል ስለሚጫን በአንድ ባር ብቻ በዚያ ጎን ላይ 2.4 ቶን ያርፍበታል። የጋራዥ ኮምፕረሰር እስከ 8 ባር ይይዛል። በዚያ ላይ የታመቀ አየር እንደ ተጠመጠመ ሞላ ነው፤ አንድ ነገር ሲለቅ ሁሉንም ጉልበቱን በአንድ ጊዜ ያወጣል።

ውኃ እንዲህ አይደለም። ውኃ አይታመቅም፤ ስለዚህ ስርጉዱ ትንሽ ሲወጣ ግፊቱ ወዲያውኑ ይወርዳል፤ ስፌት ቢለቅም የሚሆነው ነገር እግርዎ መርጠቡ ብቻ ነው። ግፊቱን ለማግኘትም ማሽን አያስፈልግም፤ ከፍታ ይበቃል። በቱቦ ውስጥ የቆመ አንድ ሜትር ውኃ 0.1 ባር፣ ሁለት ሜትር ውኃ 0.2 ባር ይሰጣል። 30 ሳንቲ ሜትር ወርድ ባለው ስርጉድዎ ላይ የሁለት ሜትር ውኃ የሚያሳርፈው ጉልበት 140 ኪሎ ያህል ነው፤ ከውስጥ በኩል ሁለት ሰዎች እኩል ተደግፈው እንደሚገፉት ይቁጠሩት። መሣሪያውም ከፍ ብሎ የሚንጠለጠል ባልዲ፣ ከባልዲው የሚወርድ ወፍራም የጎማ ቱቦና መሰላል ብቻ ነው።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ነዳጁ ጥቂት በሆነበት ቀን፣ ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ በመጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ይፍቱ። ነዳጁን ወደ ብረት ጄሪካን ይቅዱ፤ የፕላስቲክ ባልዲ ነዳጁ ሲፈስ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ስለሚያጠራቅም አይመከርም። ቦታው የተከፈተ ሜዳ ይሁን እንጂ በጋራዥ ጉድጓድ ላይ አይሁን። በእርግጥ አዳማ ነፋስ አይጎድላትም፤ ከከተማዋ ዳር በኮረብቶቹ ላይ የቆሙትን ተርባይኖች የሚያሽከረክረው ነፋስ ሜዳ ላይ የወጣውን ትነት ይበትንልዎታል። ነገር ግን የቤንዚን ትነት ከአየር በሦስትና በአራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ጉድጓድ ወርዶ ይተኛል፤ ነፋሱም እዚያ አይደርስበትም። ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃና የቡና ረከቦት በአካባቢው እንዳይኖሩ ያድርጉ። የመጨረሻው ቀልድ ይመስላል፤ ግን በግቢ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሁሉ ቡና ይከተለዋል።

ታንኩ ከወረደ በኋላ የጌጁን ክፍል በጥንቃቄ ያውጡ፤ ክንዱ ተጣሞ ከሆነ ያኔ ያዩታል። ታንኩን በሙቅ ውኃና በልብስ ሳሙና ዱቄት ከሦስት ጊዜ ባላነሰ እየናጡ ያጥቡት፤ በየጊዜውም አፉ ድረስ ሞልተው በማፍሰስ ትነቱን ያስወጡት። የመጀመሪያውን እጣቢ ወደ ጎርፍ ማስወገጃ ቦይ አይድፉት። ቦዩ ከላይ ተከድኖ የሚሄድ ከሆነ ትነቱ ለሌላ ሰው ክብሪት ይጠብቃል።

ከዚያ የመሙያው አንገት ወደ ላይ፣ ስርጉዱ ወደ እርስዎ እንዲሆን አድርገው ታንኩን መሬት ላይ በጎኑ ያቁሙት። በውኃ ሲሞላ ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ጠረጴዛ ላይ አይሥሩ። የጌጁን ቀዳዳ በወፍራም ላሜራና በጎማ ጓርኒሲዮን (በመካከል ገብቶ ፍሳሽ በሚከለክል ጎማ)፣ ትንንሾቹን ቱቦዎች በጎማና በቡሎን ይዝጉ። ሰፊዎቹ ጎኖች እንዳያብጡ በሁለት በኩል ጣውላ አስጠግተው በገመድ ጠበቅ አድርገው ይሰሩ፤ ስርጉዱ ያለበት ፊት ብቻ ክፍት ይሁን። ከባልዲው የሚወርደውን ቱቦ በመሙያው አንገት ላይ አጥብቀው ካሰሩ በኋላ ውኃውን ይልቀቁ፤ ታንኩን ግራና ቀኝ እያወዛወዙም የታሰረውን አየር በሙሉ ያስወጡ። በውስጡ የቀረ አየር ካለ ውኃው የሚሰጠውን ደኅንነት ያጎድልብዎታል።

ባልዲውን መጀመሪያ በግማሽ ሜትር ከፍታ ይስቀሉት። የጎማ ወይም የእንጨት መዶሻ ይዘው የስርጉዱን መሐል ሳይሆን ጠርዙን ዙሪያውን ቀለል አድርገው ይምቱ። ላሜራው የገባበትን ቅርጽ አጽንቶ የያዘው ጠርዙ ነው፤ ጠርዙ ሲላላ መሐሉ ራሱ ይመጣል። ምንም ካልተንቀሳቀሰ ባልዲውን ወደ አንድ ሜትር፣ ከዚያም በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ከፍ እያደረጉ ይቀጥሉ። ሊወጣ ሲል ከድምፁ ያውቁታል፤ መዶሻው ሲያርፍበት የነበረው ድፍን «ዱብ ዱብ» ወደ ቀጭን ድምፅ ይለወጣል፤ ቀጥሎ ላሜራው በአንዴ ይገለበጥና በባልዲው ውስጥ ያለው ውኃ ጎደል ሲል ያዩታል። የጎደለው ውኃ ያ 1.4 ሊትር ነው። ከሁለት ሜትር በላይ ግን አይሂዱ። እዚያ ደርሶ ያልወጣ ስርጉድ ላሜራው ተዘርግቷል ማለት ነው፤ የተዘረጋ ላሜራ ደግሞ ያለ እሳት ወደ ልኩ አይመለስም። 4 ሳንቲ ሜትር የነበረው አንድ ሳንቲ ሜትር ከሆነ ተንሳፋፊዋ ነፃ ትወጣለችና ሥራው ተሳክቷል ብለው ያቁሙ። ከመኪና ሥር ማንም የማያየውን ቦታ መስተዋት ለማስመሰል መድከም ታንክ ያስበሳል። የቀረውን ጎድጓዳ በስቱኮ የሚሞላም አይጠፋም፤ እባክዎ አያስሞሉት። ስቱኮ ለታንክ ምንም ጉልበት አይጨምርም፤ የሚሠራው ነገር ቢኖር ስንጥቅ ቢጀምር እንዳያዩት መሸፈን ነው።

ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ታንኩን ለማድረቅ መዘግየት የለብዎትም፤ የታጠበ እርጥብ ላሜራ በአንድ ሌሊት ይዝጋል። ቀዳዳዎቹን ሁሉ ከፍተው፣ አንዱ ወደ ታች እንዲሆን አድርገው እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያስመቱት፤ እየገለባበጡም የቀረውን ጠብታ ያስወጡ። መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ለማወቅ ደግሞ አባቶቻችን የሚጠቀሙበት፣ እኔም እስከ ዛሬ የማምነው ዘዴ አለ። በስርጉዱ ቦታ ላይ ከውጭ በኩል የተፈጨ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ በውኃ በጥብጠው ይቀቡና ነጭ ሆኖ እስኪደርቅ ይጠብቁ። ከዚያ ከውስጥ በኩል ጥቂት ነጭ ጋዝ አፍስሰው በዚያ ቦታ ላይ እንዲተኛ አድርገው አንድ ሰዓት ያቆዩት። ነጭ ጋዝ ውኃ በማያልፍበት ስንጥቅ ሰርጎ ያልፋል፤ ፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ ካለ በነጩ ጠመኔ ላይ እንደ እርሳስ ጭረት ጠቆር ያለ መስመር ይወጣል። መስመር ካልወጣ ነጭ ጋዙን ያፍስሱ፣ በግማሽ ሊትር ቤንዚን ያለቅልቁት፣ ውጭውን ጸረ ዝገት ቀብተው ይመልሱት። ከቀበቶዎቹ ሥር ያለውን አሮጌ ጎማ ይቀይሩ፤ የጌጁን የመሬት ሽቦ አይርሱ። ከተመለሰ በኋላ አንድ ጊዜ 5 ሊትር፣ ቀጥሎ 10 ሊትር ነዳጅ እየጨመሩ ጌጁ የት እንደሚቆም በወረቀት ቢይዙ የኢተያው ጉዳይ አይደገምብዎትም።

አንድ ነገር ልጨምር። የእርስዎ ታንክ በድንጋይ የተመታው ከሥር ስለተንጠለጠለ ነው። የዚሁ ሞዴል ቀደም ያሉት መኪኖች፣ እስከ 1970ዎቹ መጨረሻ ገደማ የተሠሩት፣ ታንካቸው በተሳፋሪው መቀመጫ ሥር ስለነበር ድንጋይ አያገኘውም ነበር፤ በአንጻሩ ተሳፋሪው ቤንዚን ላይ ተቀምጦ ይሄድ ነበር። ወደ ፈንታሌ መሄድዎን ከቀጠሉ ከ3 ሚሊ ሜትር ላሜራ የታጠፈ መከላከያ ያሠሩለት። መከላከያው ግን የሚታሰረው በሻንሲው ላይ እንጂ በታንኩ ላይ አይደለም፤ በመካከላቸውም ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው፤ ካልሆነ ጭቃና ጠጠር እዚያ ተጠራቅሞ ታንኩን ያዝገዋል።

ጥያቄ፦ አሮጌ ላንድሮቨር አለኝ፤ ታንኩ በመቀመጫው ሥር ነው። ከታች በኩል የመርፌ ቀዳዳ በምታህል ቦታ ቤንዚን ያልባል። ሳሙና ስቀባው ይቆማል፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ተመልሶ ይጀምራል። ማስበየድ ይሻላል?

ከወንጂ

መልስ፦ ሳሙናው የሚይዘው በቤንዚን ስለማይሟሟ ነው፤ የሚለቀው ደግሞ በውኃ ስለሚሟሟ ነው። አንድ ኩሬ ሲሻገሩ ወይም ዝናብ ሲመታው ታጥቦ ይሄዳል። እስከ ጋራዥ የሚያደርስ ነገር እንጂ ጥገና አይደለም። የላንድሮቨር አካል አብዛኛው አልሙኒየም ስለሆነ ባለቤቶቹ «አይዝግም» ብለው ይኩራራሉ፤ ታንኩ ግን ብረት ነው። ውኃ ከነዳጅ ስለሚከብድ በታንኩ ወለል ላይ ይተኛል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላል። አንድ የመርፌ ቀዳዳ ከታየ ዙሪያውም ሳስቷል ማለት ነው። ነዳጁን ቀድተው ታንኩን ካወረዱና ካጠቡ በኋላ በካቻቢቴ ጫፍ ዙሪያውን ጫን ጫን ያድርጉት፤ ቦታው እንደ ካርቶን ከተበሳ ታንኩን መቀየር ብቻ ነው የሚቀረው።

ዙሪያው ጠንካራ ከሆነ ግን ወደ ብየዳ አይሂዱ፤ ራዲያተር ወደሚጠግን ባለሙያ ይሂዱ። ብየዳ ብረቱን ለማቅለጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ራዲያተር ሠሪው የሚጠቀምበት የቆርቆሮና የእርሳስ ቅይጥ ግን ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ይቀልጣል። ቢሆንም ታንኩ በሚገባ መታጠብ፣ ቀዳዳው ወደ ላይ ሆኖም እስከ ቀዳዳው ሥር ድረስ በውኃ መሞላት አለበት። ቅይጡን የሚያቀልጠው የመዳብ መሣሪያ ራቅ ባለ ቦታ በእሳት ይሙቅና ወደ ታንኩ ይምጣ እንጂ ነበልባሉ ራሱ ወደ ታንኩ አይቅረብ። ብዙ አሮጌ ታንኮች ላሜራቸው ከፋብሪካ በእርሳስና በቆርቆሮ ቅይጥ የተለበጠ ስለሆነ ይህ ማጣበቂያ በደንብ ይይዛቸዋል፤ በዚያው ምክንያት ሲሞቁ የሚወጣው ጭስ መርዛማ ነውና ሥራው ውጭ፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። እስከዚያ ድረስ ግን በዚህ መኪና ባይጓዙ እመርጣለሁ። ከመኪና ሥር የሚያልብ ታንክ መንገድ ላይ ያንጠባጥባል፤ ከመቀመጫ ሥር የሚያልብ ታንክ ግን ትነቱን እርስዎ ካሉበት ክፍል ውስጥ ያጠራቅማል።

ጥያቄ፦ የእኔ መኪና ናፍጣ ናት። ናፍጣ እንደ ቤንዚን አይደለም፤ ታንኩን በእንፋሎት አጥበን ብንበይደው ምን ችግር አለው?

ከአዳማ

መልስ፦ በተለመደው ሙቀት ናፍጣ ክብሪት ቢነካውም ወዲያው አለመቀጣጠሉ እውነት ነው፤ የሚቀጣጠል ትነት መስጠት የሚጀምረው ከ50 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው። ብየዳው ግን ላሜራውን ከዚያ በብዙ እጥፍ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ በስፌቱ ውስጥ የቀረውን ናፍጣ ራሱ በያጁ ትነት ያደርገዋል፤ እሳቱንም ራሱ ያቀርብለታል። እንፋሎቱም እንደሚያስቡት አያጸዳውም። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አብዛኛው የናፍጣ ክፍል ደግሞ በዚህ ሙቀት ተንኖ አይወጣም። የናፍጣ ታንክ ሲሰረጎድም ከላይ የተገለጸው የውኃ ዘዴ ይሠራለታል። የተቀደደ ከሆነ ግን ያገለገለ ታንክ ፈልገው ይግዙ። ሲገዙም ክዳኑን ከፍተው በእጅ ባትሪ ውስጡን ይዩት፣ ከዚያ አንሥተው ያናውጡት፤ እንደ ጤፍ የሚንሿሿ ነገር ከሰሙ ዝገት ነውና ለባለቤቱ ይመልሱለት።